ለሚዛናዊው ተንታኛችን ምስጋና

ሰሞኑን ያ የቅርጫት ኳስ ኮከቡ ሉካ ዶንቺች በልውውጥ የተሰጠበት ነገር እንደገና ተነሳላችሁ። አንዱም ጉሮሮውን ጠርጎ "ስሜታዊ አንሁን፣ ጥቅምና ጉዳቱን እንመዝን" አለ። እግዜር ይስጠው! እሱ ባይኖር እኛ መሃይሞቹ ጨዋታ አይተን ዝም ብለን እንተኛ ነበር።

ታውቁታላችሁ መቼም። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ፣ በእኩለ ሌሊት፣ የኤንቢኤው (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን ዳላስ ማቨሪክስ የ25 ዓመቱን ሉካን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የ2029 አንድ የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ምርጫ (አዲስ ተጫዋች የመምረጥ መብት) ወሰደ ሲባል፣ እኛ ዜናው ውሸት ነው እያልን ስንከራከር ተንታኛችን ለልውውጡ ማርክ ሰጥቶ ጨርሷል። በአንድ በኩል ሉካ በ2024 ቡድኑን ፋይናል አድርሷል፣ በሌላ በኩል ወፍሯል። በአንድ በኩል ዴቪስ ጉዳት ያበዛል፣ በሌላ በኩል መከላከል ይችላል።

ዴቪስ በመጀመሪያ ጨዋታው 26 ነጥብና 16 ሪባውንድ ይዞ ሳይጨርስ ተጎድቶ ወጣ። "እስኪወጣ ድረስ ያለውን አየህ?" አለ ሰውዬው። ኤፕሪል ላይ ሉካ ዳላስ ሄዶ፣ አልቅሶ፣ 45 ነጥብ አግብቶባቸው ተመለሰ። "አንድ ጨዋታ ምን ያሳያል?" አለ። ዳላስ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ማጣሪያ) ሳይገባ ቀረ። "ትዕግስት።"

ሜይ ላይ የድራፍት ሎተሪ፣ ማለትም ፕሌይኦፍ ያልገቡ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ተራ ዕጣ፣ ወጣ። ዳላስ በ1.8 በመቶ ዕድል አንደኛ ሆኖ ተፈላጊውን ወጣት ኩፐር ፍላግን የመምረጥ መብት አገኘ። ያን ቀን እሱን ማየት ነበር! "አልነገርኳችሁም?" ስሌቱን ስሙት። ሉካ ባይሄድ ዳላስ አይሸነፍም፣ ባይሸነፍ ሎተሪ አይገባም፣ ሎተሪ ባይገባ ፍላግ የለም። ስለዚህ ኳሶቹ ማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደሚንከባለሉ ከሦስት ወር በፊት ታስቦበታል። የዴቪስ ጉዳትም ታስቦበታል። ዳላስ በሜምፊስ ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ መቅረቱም እንዲሁ። ኖቬምበር ላይ ልውውጡን የሠራው ሥራ አስኪያጅ ሲባረር ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሥራውን ጨርሶ ነው።"

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። አብዛኛው የኤንቢኤ ተጫዋች ትሬድ ሲደረግ ማንም አይጠይቀውም። ሌሊት ስልክ ይደወልለታል፣ በነጋታው ሌላ ከተማ ነው፣ ሚስቱና ልጆቹ ኋላ ቀርተው ዕቃ ይሸክፋሉ። ደመወዙን አትጥሩብኝ፣ አውቀዋለሁ። የሰውን ልጅ እንደ ገበያ በሬ ሽንጡን እየዳበሱ ወፈረ ከሳ ማለት ትንታኔ ሳይሆን ነውር ነው። የባሰው ደግሞ ይህን የሚለው፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ የራሱን ቦርጭ ላፕቶፕ ማስቀመጫ ያደረገ ሰው መሆኑ!

ይቅር፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ወንድሜ፣ ጥበብህን አንጠራጠርም። አንድ ነገር ብቻ እንለምንሃለን። ሁሉን ነገር አስቀድመህ የምታውቀው ከሆነ የሚቀጥለውን የሎተሪ ቁጥር ከመውጣቱ በፊት ንገረን፣ እኛም እንቁረጥ።