ቃል ለሚገቡልን ሁሉ ጭብጨባ!

ጅማን ስናሞግስ ስለ ቡናዋ ብቻ ማውራት ይብቃን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ጅሬን ላይ በክብር ይቆይልን። ዘንድሮ መመስገን ያለባቸው ለጎዳና ተዳዳሪዎች ገቢ የሚያሰባስቡት በጎ ፈቃደኞቻችን ናቸው። ቤት ለሌለው ሰው ብለው አዳራሽ ይከራያሉ። ከዚህ በላይ ተቆርቋሪነት ከየት ይመጣል?

ሥራው ከማለዳ ይጀምራል። ፒክአፕ ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ይዞራል። ጅማ ላይ ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም። ሌሊቱን ሲያፈስበት ያደረው በረንዳ አዳሪ ንጋት ላይ ገና ሸለብ ሲያደርገው፣ ስለ እሱ በሚዘፈን ዘፈን ይነቃል። ተረስቻለሁ የሚል ካለ ከዚህ በኋላ ምክንያት የለውም።

እኔ በበኩሌ ነፍሴ የምትወደው ጨረታውን ነው። በቅርቡ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ታድሜ ነበር። ለጨረታ የቀረበችው ከአንድ ግንድ የተጠረበች፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ናት። በ2 ሺህ ብር ተከፈተች። አንዱ 5 አለ። ከፊት ወንበር ጋቢ የደረቡ ባለሀብት ረጋ ብለው «20 ሺህ» አሉ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሰውየው መድረክ ላይ ወጡና «በርጩማዋን መልሼ ለማኅበሩ ሰጥቻለሁ፣ በድጋሚ ትጫረት» አሉ። ጭብጨባ! ሁለተኛው አሸናፊም መለሱ። ሦስተኛውም። እንዲህ ስትሸጥ አምሽታ በርጩማዋ ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። ገንዘቡም እንደዚያው።

በማግስቱ ገንዘብ ያዡ መደወል ጀመረ። አንደኛው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሄደዋል። ሦስተኛውን በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይቻልም። ክፉ ሰው «ዋሹ» ሊል ይችላል። እኔ አልልም። ቃል እንሰጣለን አሉ፤ ሰጡ። በዚያ ላይ ብር መጨመር ነበረባቸው?

የርክክቡ ቀንማ ጥበብ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ አባት ካርቶናቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። የመጣላቸው አንድ ብርድ ልብስ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ምክትሉ፣ ጸሐፊዋ፣ የክብር እንግዳውና የክብር እንግዳው ሾፌር ጫፍ ጫፉን ይዘውታል። አባባ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጡ። ፎቶ አንሺው «አባባ፣ እስቲ ትንሽ ይዘኑ» አለ። አዘኑ። «አሁን ደግሞ ፈገግ።» እሱም ተደረገ። ለካ ሾፌሩ የባነሩን ግማሽ ሸፍኖት ኖሯል። ብርድ ልብሱ ከአባባ ተወሰደና እንደገና ተሰጣቸው። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሲረዳ የት አይታችኋል?

ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ የሚለው ትምህርት ወንጌል ውስጥም አለ፣ ሐዲስ ውስጥም አለ። ኮሚቴው አጥብቆ ይዞታል። ቀኝ እጅ ብርድ ልብሱን ሲያቀብል ግራ እጅ ስልክ ይዞ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቷል። በምን ጊዜው ይወቅ?

ስለ ወጪ የሚያጉረመርሙ አይጠፉም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲቪል ማኅበራት ከገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጡ ይከለክላል እያሉ አንቀጽ ይጠቅሳሉ። የአዳራሹ፣ የባነሩ፣ የምሳውና የቲሸርቱ ሒሳብ ሲደመር ወዴት እንደሚደርስ ሊያሰሉ ይፈልጋሉ። ግን ቲሸርት አስተዳደር ነው እንዴ? ቲሸርት ልብስ ነው። ዓላማው የታረዘን ማልበስ ነው፤ ከራስ መጀመር ምን ነውር አለው?

አንዲት አዲስ አባል ግን ነገር ልታበላሽ ነበር። ግምገማው ላይ እጇን አወጣችና «ለምን ለጥቂት ሰዎች የስድስት ወር ቤት ኪራይ አንከፍልላቸውም?» አለች። አድራሻ የሌለው ሰው የቀበሌ መታወቂያ ማውጣት ፈተና ነው፣ መታወቂያ ከሌለው ደህና ሥራ አያገኝም፣ ሥራ ከሌለው ማን ቤት ያከራየዋል፣ ብርድ ልብሱም በመጀመሪያው ዶፍ ይበሰብሳል እያለች ቀጠለች። ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም። ሊቀመንበሩ በትዕግሥት አስረዷት። ኪራይ የተከፈለለት ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛል። የተዘጋ በር ምኑ ፎቶ ይነሳል? ባነሩስ የት ይሰቀላል? ሐሳቧ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

የፊታችን ቅዳሜ ሌላ ፕሮግራም አለ። እንዳይዘንብብን ተብሎ ትልቅ ድንኳን ተከራይቷል። ድንኳኑ የሚተከለው ሱቆቹ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ በረንዳው ላይ የሚያድሩት ለዚያ ቀን ዞር እንዲሉ በትሕትና ተነግሯቸዋል። ቲሸርት ያልወሰዳችሁ ፍጠኑ፤ የቀረው ላርጅ ብቻ ነው።