ዕድሜ ለታጋሾቹ

ባሕር ዳር ላይ ሐውልት ለማን ይቁም ብትሉኝ፣ ግብሩን በጊዜው ለማይከፍለው ነጋዴ እላለሁ። ሐምሌ ሲገባ እኛ ጃንጥላችንን ይዘን ገቢዎች በር ላይ ስንሰለፍ፣ እሱ ሁለተኛውን ቡና እያስቀዳ ነው። «ምን ያስቸኩላችኋል?» ይለናል። በ2011 «ግዴታዬን እወጣለሁ፣ መብቴን እጠይቃለሁ» የሚል የግብር ዘመቻ ነበር። ሁለተኛውን ግማሽ በደንብ ይዞታል።

ደግሞም ልክ ነበር። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣች። ከመጋቢት 22 ጀምሮ ባሕር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች። ቱሪስት ጠፋ፤ ዘጌ የሚያደርሱት ጀልባዎች ሥራ ፈቱ፤ የሐይቁ ዳር ሆቴሎች አንሶላ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ያኔ መንግሥት እጁን ዘረጋ። ሥራው ቆሞ ሠራተኛ ላልበተነ ድርጅት የ4 ወር የደመወዝ ግብር ማረ። በዚህ አልቀልድም፣ የሰው እንጀራ ያተረፈ ውሳኔ ነው። ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ለቀቀ።

ከዚህ ጋር አንድ ምርቃት ነበረች። ከ2007 በፊት የነበረ የግብር ውዝፍ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ከ2008 እስከ 2011 ላለውም ቅጣትና ወለዱ ተነሣ። ኮሮና ከ2007 በፊት የት እንደነበረች እስካሁን የነገረኝ የለም። ቢሆንም እግዜር ይስጥልን።

የሰፈራችን ጀግና ዜናውን የሰማ ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎስ ስንት ተማረልዎ?» አለ፣ ጎረቤቱን ሽማግሌ። ጋሼ በየዓመቱ ይከፍላሉ። ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከሚዛኑ ሥር ያስቀምጣሉ። «ዕዳ ኖሮብኝ ያውቃል እንዴ!» አሉ በቁጣ። ጀግናው ከልቡ አዘነላቸው። ጋሼ ፌስታሉን በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ዝም አሉ።

ጥበቡ በዚህ አያበቃም። ዓሣ ቤት ግቡ። አምባዛ ጥብሱን በልታችሁ «ደረሰኝ» በሉ። ማሽኑ ባንኮኒው ላይ ነጠላ ለብሶ ተኝቷል፤ ወይ ወረቀት ጨርሷል፣ ወይ ታሟል። «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል» ትላለች ልጅቷ፣ ስለ እኛ አዝና። እኛስ? «ተዪው በቃ» እንላለን። ወጥተን ደግሞ መንገዱ ለምን አልተጠገነም ብለን መንግሥትን እንረግማለን። እንዲህ ያለ ቅንጅት የት ይገኛል?

እርግጥ የተማረው ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። መንግሥት በአንድ በኩል ግብር ማረ፣ በሌላ በኩል ለጤናና ለእርዳታ ወጪው ናረ። ጉድለቱ ያኔ የሚሸፈነው በብድር ነበር፤ ከውጭም፣ ከራሱ ከብሔራዊ ባንክም። ባንኩ ለመንግሥት ባበደረ ቁጥር ገበያው ውስጥ ብር ይበዛል፣ ዕቃው ግን ያው ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ሁሉንም በኮሮና አላላክክም፤ ጦርነቱም የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም ነበሩ። የውጭ ዕዳውም ቢሆን ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ማን አስተማራቸው እንዳትሉ።

እናም ያ ውዝፍ ሌላ በር አገኘ። በዘይት ገባ፣ በሽንኩርት ገባ። የባጃጅ ሾፌሩና ዓሣ ቤት የምታስተናግደው ልጅ ይህን ግብር በየቀኑ ይከፍላሉ፤ ውዝፍ አያውቅም፣ ይቅርታ የለውም፣ ሐምሌንም አይጠብቅም። ጀግናችንም ዘይት ይገዛል፤ እሱ ግን በማግሥቱ የሱቁን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።

ሰሞኑን ታዲያ ትንሽ ሐሳብ ገብቶታል። «ሌላ በሽታ ገባ የሚባል ነገር አልሰማችሁም?» ይላል። እንዳይመስላችሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም። የ2013 ፋይሉን ገና ስላልነካው ነው።