ነፍሱን ይማርና ቦይ ሊሠራልን ነበር

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጋራዤ ውስጥ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ገብቶ አደረ። በማግስቱ ማታ በከተማው ስብሰባ ላይ «የጎርፍ መውረጃው ለምን አይሠራም?» ብዬ ብጠይቅ፣ ከረባት ያሰሩ አንድ ሹም «የመልሶ ማልማቱ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ እኮ…» ብለው በረዥሙ ተነፈሱ። አዳራሹም አብሯቸው ተነፈሰ። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ይህን ለቅሶ ታውቁታላችሁ። ሟቹ ከተሞች የተጎዱ ሰፈሮችን የሚያድሱበት የመልሶ ማልማት ፕሮግራም ነው፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2012 ቢሆንም ተዝካሩ እስካሁን ይበላል። በቁሙ ያልሠራውን ቦይ ሁሉ ከሞተ በኋላ «ሊሠራው ነበር» የሚባልለት እንዲህ ያለ ደግ ሟች የት ይገኛል?

ብልሃቱ መቼም የሚያስቀና ነበር። አንድን ሰፈር «የተጎሳቆለ» ብለው ያውጃሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ በንብረት ግብሩ ላይ የሚጨምረው አብዛኛው ገንዘብ ለመልሶ ማልማት ኤጀንሲው ይገባል። ትምህርት ቤቱ የሚቀርበትንስ? ስቴቱ ይተካዋ! በመጨረሻው ዘመን 400 ያህል ኤጀንሲዎች ከስቴቱ የንብረት ግብር 12 በመቶ ገደማውን ይወስዱ ነበር።

«የተጎሳቆለ» የምትለው ቃል ደግሞ ቸርነቷ! በ2011 በተደረገ የሂሳብ ማጣራት፣ አንድ ከተማ 17 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የመልሶ ማልማት ገንዘብ ለጎልፍ ሜዳ ማደሻ መያዙ ታወቀ። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን አንጀቴ ተላወሰ። እስቲ የዚያን ሣር መከራ አስቡት። በየማለዳው ይታጨዳል፣ በየማታው ይጠጣል፤ አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት የለው። የአሸዋ ጉድጓዶቹስ? በአሸዋ ተሞልተው ነው የሚኖሩት! ያቺ ምስኪን ኳስ የምትገባባት ቀዳዳ ደግሞ ስፋቷ 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ የመኖሪያ ቤት ጥበት ይሏል ይህ ነው። አንድ ነገር ግን አይጎድላትም። የዘመኑ የጎልፍ ሜዳ፣ ቀዳዳዋ ያለችበት ሣር ከሥሩ ጠጠር ተነጥፎለት፣ የተበሳሳ ቱቦ ተቀብሮለት ነው የሚሠራው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ሰርጎ ይሄዳል። ኳሷ በደረቅ ታድራለች። ጉንፋን የያዛት የጎልፍ ኳስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አልሰማችሁም። እኔ አሁን የምጽፍላችሁ አፍንጫዬን እየጠረግሁ ነው።

ደግሞስ ቦዩን በራሳችን ገንዘብ እንሥራ ብንል ሕጉ ይፈቅዳል? በ1996 ሕዝቡ ባጸደቀው ድንጋጌ መሠረት፣ ውሃው ከመጸዳጃ ቤት ከወጣ ሕዝቡ ድምፅ ሳይሰጥ ክፍያ ይጣልበታል፤ ከሰማይ ከወረደ ግን ከባለንብረቶቹ ከግማሽ በላይ ወይም ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው እሺ ማለት አለበት። የዝናቡን ነገር የለየው በ2002 የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በ2017 የዝናቡንም ውሃ እንደ ፍሳሽ ቆጥሮ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሕግ ወጣ፤ የኛዎቹ ሹሞች ግን ክስ እንዳይመጣ ብለው እስከ ዛሬ ጃንጥላ ሥር ናቸው። ስለ ቦይ በስብሰባው ሁሉ የሚጮኸው፣ ድምፅ ሲጠየቅ ግን «አይ» የሚለው ኮረብታ ላይ ያለው ጎረቤቴም አይቀየመኝ፤ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ አያውቅም።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ዝናብ ድንገተኛ እንግዳ አይደለም! ቱቦ ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ያረጃል፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ለማደሻው በየዓመቱ ጥቂት ከማስቀመጥ ይልቅ «ሰፈሩ ሲለማ አብሮ ይሠራል» እያሉ ሠላሳ ዓመት ማስጠበቅ ንቀት ነው። የተናቀው ደግሞ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ የሚኖረው ድሃ ነው። ገንዘቡ በነበረበት ዘመን እንኳ ተራው አልደረሰውም።

ይቅርታ፣ በለቅሶ ላይ መቆጣት ነውር ነው። ሹሙ ስንለያይ «አዲስ ፈንድ እየታሰበ ነው» ብለውኛል። ላም አለኝ በሰማይ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፤ ጋራዤን በጎልፍ ሜዳነት ላስመዘግብ ነው። ኩሬው ተዘጋጅቷል፣ አሸዋውን ጎርፉ ራሱ ይዞልኝ መጥቷል። የቀረው ሣሩ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በምንጣፉ ጥግ በኩል ማቆጥቆጥ ጀምሯል።