ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያለው የጥንት ባላገር የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ረግጦ ቢሆን ኖሮ ጭብጦዋን ትቶ ስለ ግሬዱ በተረተ ነበር። የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ «ግሬድ ተለቀቀ!» የሚል ጩኸት ከኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ፣ የዶርማችን ስድስት ነዋሪዎች ከየአልጋችን ወርደን በአንዲት ስልክ ላይ ተደፋን። ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ ቆይቶ ገጹ ሲከፈት፣ ከውል ሕግ ትይዩ አንዲት ሲ ብቻዋን ተቀምጣለች። የመደመር ምልክት እንኳን ደባል አልሆነላትም።

ከሲ ጋር የግል ጠብ የለኝም። ያንገበገበኝ ምክንያት የሌላት መሆኗ ነው። ገና ያልተማርሁትን የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንድ ታላቅ ተማሪ ተውሼ ባገላብጥ፣ አንቀጽ 182 ዳኛ ፍርድ ሲሰጥ የተያዘውን ጭብጥ፣ የደረሰበትን ውሳኔና የውሳኔውን ምክንያት እንዲጽፍ ያዝዛል። አንድ ዳኛ የሁለት ጎረቤታሞችን የአጥር ክርክር ሰምቶ «ለከሳሽ ሲ ፈርጃለሁ» ብሎ መዝገቡን ቢዘጋ፣ ያንን ፍርድ ክፍል ውስጥ አምጥቶ በየመስመሩ የሚዘለዝለው የእኛው የውል ሕግ መምህር በሆነ ነበር።

ጥያቄው ስለ ጤፍ ነበር። አንድ ነጋዴ ለሠርግ የሚሆን 5 ኩንታል ጤፍ በተቆረጠ ቀን ሊያስረክብ ተዋውሎ፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ጤፉን ይዞ ከተፍ ይላል፤ የሙሽሪት አባት ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊሰርዙ ይችላሉ ወይ? እዚህ ላይ ከግቢያችን ውጭ ላለ ሰው መገለጽ ያለበት ነገር አለ። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3367 አንቀጾች አሉት፤ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ ፍርድ ቤት የሚይዘው አማርኛውን ነው፤ እኛ ግን የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሙሽሪትን አባት ብስጭትና የነጋዴውን ምላስ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ ማስረዳት ብቻ አንድ ገጽ ሙሉ ፈጀብኝ። ከዚያም አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም ባይ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ እንደሚያስገድድ፣ ሆኖም ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ሆኖ ጊዜው ካለፈ በአንቀጽ 1775 መሠረት ማስጠንቀቂያው እንደሚቀር ጻፍሁ። አራት ገጽ። ስጨርስ እስክሪብቶውን የያዙት ጣቶቼ አንለቅም ብለው ነበር።

ወረቀቴን ለማየት ሦስት ቀን ከተመላለስሁ በኋላ መምህሩ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ከፊት ገጹ ራስጌ ላይ «11» የሚል ቁጥር በቀይ ተከቧል፤ የሚታሰበው ከ25 ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ምንም የለም። በሦስተኛው ላይ 1775 የሚለው ቁጥር ተከብቦ ከጎኑ አንዲት የጥያቄ ምልክት ቆማለች፤ ትጠይቅ፣ ትገረም ወይስ ታድንቅ አይታወቅም። አራተኛው ገጽ ከሦስተኛው ጋር በፈሰሰ ማኪያቶ ተጣብቋል፤ ቀስ ብዬ ሳላቅቀው ጠርዙ ተቀደደ።

«መምህር፣ አንቀጹን ተሳስቻለሁ ማለት ነው?» ስል በትሕትና ጠየቅሁ።

«አንቀጹስ ልክ ነው» አሉኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «አቀራረብህ ነው የሚቀረው።»

አቀራረብ! የወንጀል ሕጉ ገና በሁለተኛው አንቀጹ፣ በሕግ ወንጀል ተብሎ ባልተደነገገ ድርጊት ማንም እንዳይቀጣ ይከለክላል፤ እኔ ግን በየትኛውም የፈተና መመሪያ ላይ ባልተጻፈ «አቀራረብ» በተባለ ጥፋት 14 ማርክ ተቀጥቼ ወጣሁ። ከቅጣቱ ይልቅ የባሰብኝ የአልጋ ጎረቤቴ ነገር ነው። ይህ ልጅ 1775ን የሰማው በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ከእኔው አፍ ሲሆን፣ ገጽ ተኩል ጽፎ 20 አገኘ። ወረቀቱን አየሁት። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ስለሆነ እንግሊዝኛውን እንኳን እንደ ቁም ጽሕፈት ነው የሚጥለው፤ ፊደሎቹ ለጥምቀት እንደ ተሰለፉ ዲያቆናት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ያየ ሁሉ ሊሳለመው እንጂ ሊያርመው አይዳዳውም።

ይግባኝ አልሁ። በእኛ ዘንድ ተማሪው ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊው ደግሞ «ለሚመለከተው ይመራ» ብለው ለዚያው መምህር ይመሩታል። በፍርድ ቤት ቀድሞ የወሰነ ዳኛ ይግባኙን አይሰማም፤ በግቢያችን ግን ምስክሩ፣ ዳኛውና አፈ ንጉሡ አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ሥልጠና ላይ ናቸው። «ማክሰኞ ተመለስ» ተባልሁ፤ ማክሰኞ ስመለስ ሐሙስ ተባልሁ። በወሰን ክርክር ቀጠሮ ያረጁት አጎቴ ይህንን በስልክ ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሳትመረቅ ቀጠሮ መቀበል ጀመርህ? ጎበዝ፣ ትምህርቱ ገብቶሃል» አሉኝ።

እኔም ጉዳዩን ለውጤት ቅሬታ ኮሚቴ ላደርስ ሰባት ገጽ አቤቱታ አረቀቅሁ። የክሱን ምክንያት፣ የማስረጃ ዝርዝሩንና የሚጠየቀውን ዳኝነት አሟልቼ፣ የማኪያቶውን ገጽ በኤግዚቢትነት አያይዤ፣ ከግርጌው «ይህ አቤቱታ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለውን ሳልረሳ ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ አቀረብሁ። ጸሐፊዋ ገጹን አንድ በአንድ ከቆጠሩ በኋላ ቀና አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ኮሚቴው አንዴ ፋይልህን ካወጣ ሁሉንም ግሬድህን ነው የሚያገላብጠው። ችግር የለውም አይደል?»

ችግር ነበረው። አምና በሕግ ታሪክ ኤ አግኝቻለሁ። ስለ ፍትሐ ነገሥት ተጠይቄ፣ ከፍትሐ ነገሥት የማውቀው ስሙን ብቻ ስለነበረ፣ አያቴ ምድጃ ዳር ያወሩልኝን የሌባ ሻይ ታሪክ፣ መድኃኒት የጠጣው ብላቴና በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ ሌባውን እንዴት እንደሚያስስ፣ ሦስት ገጽ አድርጌ ጽፌ ነበር። ኤዋ ስትመጣ አቀራረቤ ልክ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ምክንያት ይጻፍልኝም አላልሁም። ያለ አግባብ ስለ መበልጸግ የሚደነግገውን አንቀጽ 2162ን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ ባውቀውም ኖሮ ለማንም አልጠቅሰውም። በዚያ ሰሞን ሌባ ሻይ ቢለቀቅ እየተንገዳገደ መጥቶ የሚወድቀው እኔው አልጋ ላይ ነበር።

ሰባቱን ገጽ ከጠረጴዛው ላይ መልሼ ወሰድሁና በጀርባው «እንደገና የመክሰስ መብቴን አስጠብቄ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ቀኑንና ፊርማዬን አሟልቼ ሳቀርብላቸው ጸሐፊዋ አንብበው ማኅተም መቱበት። ስለ አቀራረቡ ምንም አላሉም።