የባሕር ዳር አሮጌ ዛፎች፦ ይቆረጡ ወይስ ይታከሙ?

ክረምት በመጣ ቁጥር በባሕር ዳር መንደሮችና በጣና ዳርቻ ቅርንጫፍ የሚጥል ወይም ከነሥሩ የሚገነደስ ዛፍ አይጠፋም። ታዲያ ያረጁትን ዛፎች ቆርጦ በአዲስ መተካት ይሻላል ወይስ ተንከባክቦ ማቆየት? በመንገድና በቦይ ሥራ ላይ የቆዩ አንድ መሐንዲስና ሥራቸው ዛፍ መንከባከብ የሆነ አንዲት ባለሙያ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መሐንዲሱ

ከተማ ውስጥ የቆመ ዛፍ እንደ ጫካ ዛፍ አይታይም። በጣና ዳርቻ ባለው የዘጌ ደን፣ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅልበት፣ አንድ አሮጌ ዋንዛ ቢገነደስ የሚያርፈው ቡና ላይ ነው። ባሕር ዳር መንደር ውስጥ ቢገነደስ ግን ባጃጅ ላይ፣ ቆርቆሮ ላይ፣ የመብራት ሽቦ ላይ፣ ከትምህርት ቤት በሚመለሱ ልጆች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ከሥሩ ማን ያልፋል?» የሚለው ነው።

የከተማችን ዝናብ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚያ ወራት መሬቱ ውኃ ይጠግባል፤ የጠገበ አፈር ደግሞ ሥርን አጥብቆ አይዝም። ድንገት የሚነሣው ወጀብ ሲጨመርበት፣ አናቱ የከበደና ውስጡን ምስጥ የበላው ዛፍ በምን አቅሙ ይቆማል? ግራቪሊያን ተመልከቱ። ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉም የዚያኑ ያህል ቶሎ ይሰበራል። የድሬዳዋ ዛፍ አበባው ዓይን ይማርካል፤ ሥሩ ግን ወደ ጎን ስለሚዘረጋ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ያነሣል፣ የአጥር ግንብ ይሰነጥቃል። ተካዮቹ በቅን ልብ ተክለዋል፤ የመረጡት ዛፍ ግን ለጠባብ መንገድ የሚሆን አልነበረም።

ተባዩም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ስኬል፣ ማለትም ቅጠልና ፍሬ ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛምቷል። ግቢ ውስጥ ችላ የተባለ አንድ አሮጌ ማንጎ ለጎረቤቱ ሁሉ የተባይ ማራቢያ ይሆናል። ተቀጽላ የወረሰው ዛፍም እንደዚሁ ነው፤ ወፎች ፍሬውን በልተው የሚያጣብቀውን ዘር ከዛፍ ወደ ዛፍ ያደርሱታል።

ስለዚህ አሮጌዎቹ ዛፎች መንደር በመንደር፣ በዕቅድ ይቆረጡ፤ በምትካቸው ለቦታው የሚስማማ አገር በቀል ዛፍ ይተከል። ሰው እስኪሞት መጠበቅ የለብንም።

ባለሙያዋ

መሐንዲሱ ወንድሜ፣ መነሻዎ ትክክል ነው፤ መድረሻዎ ግን ያስፈራኛል። «ከሥሩ ማን ያልፋል?» የእኛም ሙያ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን «ዛፉን ማን አዳከመው?» የሚለውን ግን ዘለሉት።

ወጀብ የጣለው ዛፍ ሲያጋጥማችሁ ወደ ተነቀለው ሥር ጠጋ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ያለው ሥር በዶማ ወይም በማሽን የተበጠሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ጫፉ ጠቁሯል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያ ቁስል የትናንት አይደለም። የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ሲቆፈር፣ የውኃ ቧንቧ ሲቀበር፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የደረሰ ነው። አብዛኛው የዛፍ ሥር የሚገኘው ከመሬት ገጽ 60 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ከግንዱ ሁለት ሜትር ርቆ የሚያልፍ ቦይ ለቆፋሪው ምንም ያልነካ ይመስለዋል፤ ዛፉን ግን መቆሚያ ያሳጣዋል። ዛፉ ወዲያው አይወድቅም። ቅጠሉን እንደ ለበሰ ጥቂት ክረምቶችን ይሻገራል፤ በዚህ መሐል በቁስሉ በኩል ፈንገስ ይገባና ሥሩን ያበሰብሰዋል። አንድ ቀን ወጀቡ ሥር በተቆረጠበት በኩል ሲመጣ ዛፉን ወደኋላ የሚስብ ነገር የለም። ያኔ ሁላችንም «አርጅቶ ነው» እንላለን።

ሌላው ጥፋት ጉመዳ ነው። ሽቦ ሥር የቆመ ጃካራንዳ አናቱ ሲጎመድ ከቁራጩ ጫፍ ቀጥ ያሉ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያቆጠቁጣሉ። ለምለም ስለሆኑ ዛፉ ያገገመ ይመስላል። እነዚያ ቅርንጫፎች ግን የተነሡት ከእንጨቱ ውስጥ ሳይሆን ከላይኛው ሽፋን ነው፤ ከሥራቸው ያለው ጉቶም እየበሰበሰ ይሄዳል። ወፍረው ሲከብዱ ተገንጥለው የሚወርዱት እነርሱ ናቸው። አደጋ ለመቀነስ ብለን በጎመድነው ዛፍ ላይ ለሚቀጥሉት ዓመታት አዲስ አደጋ እንተክላለን።

ትክክለኛው ምልመላ፣ ማለትም ቅርንጫፍ መርጦ መቁረጥ፣ ከባድ ጥበብ አይደለም። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወፈር ብሎ የተሸበሸበ አንገት አለ፤ መጋዙ ከዚያ አንገት ወጣ ብሎ ማለፍ አለበት። ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። መጀመሪያ ከበታቹ ትንሽ ይገዘገዛል፤ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጥና ክብደቱ ይወርዳል፤ የቀረው ጉቶ በመጨረሻ አንገቱ ላይ ይስተካከላል። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወርድ የግንዱን ልጥ ልጦ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከለምለሙ ክፍል ከአንድ አራተኛ በላይ ማንሣትም ዛፉን ያስርበዋል። ቁስሉን ቀለም መቀባት አይጠቅምም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ብዙ ሺህ ዛፎችን በሞተር መጋዝ እየሰነጠቀ እንዳሳየው፣ ዛፍ የተጎዳውን እንጨት በአዲስ አይተካም፤ ከጤነኛው የሚለይ ግድግዳ ሠርቶ ይከልለዋል። ንጹሕ ቁስል ይህን ሥራ ያቀልለታል፤ የተቦጫጨቀ ቁስል ያከብድበታል።

ስለ ምስጥና ስለ ባዶ ግንድ የተነገረውም እንዳለ አይወሰድም። ምስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው የሞተውን እንጨት ስለሆነ፣ ግንዱ ላይ የሚታየው የጭቃ መንገዱ የቆየው ቁስል የት እንዳለ ያመለክተኛል። እኔ የእንጨት መዶሻ ይዤ ግንዱን እየዞርኩ አንኳኳለሁ። ጤነኛው እንጨት ጠንከር ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው ደግሞ ያስተጋባል፣ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በኖራ ምልክት አደርግበታለሁ። በሙያው እንደ መነሻ የሚያዘው ልኬት ጤነኛው የውጭ ግድግዳ ቢያንስ ከግንዱ ሬዲየስ (ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ካለው ርቀት) ሲሶ ያህል ውፍረት ይኑረው የሚል ነው። ይህን የሚያሟላ ባዶ ዋርካ ብዙ ክረምት ሊሻገር ይችላል። ባዶ ስለሆነ ብቻ መቁረጥ ሳይመረምሩ መፍረድ ነው።

ማንጎውም በመጋዝ አይድንም። መሐሉ ተመልምሎ ብርሃንና ነፋስ ሲገባው፣ የተጠቃው ቅጠል ተሰብስቦ ሲቃጠል ስኬሉ ይቀንሳል። ተባዩ ከቦታ ቦታ ከሚጓዝባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ችግኝ ነው። አሮጌውን ቆርጠን ከየትም በመጣ ችግኝ ስንተካ ችግሩን በእጃችን ተሸክመን እናስገባለን። ተቀጽላን በተመለከተ የተያዘውን ቅርንጫፍ ፍሬው ሳይበስል ቆርጦ ማውረድ ይበቃል።

መሐንዲሱ

እህቴ፣ ሥርን በተመለከተ ያሉትን ተቀብያለሁ። ቦይ ስንነድፍ የምናየው የመሬቱን ተዳፋት ነው፤ ዛፍ በካርታችን ላይ አይሰፍርም፤ ሊሰፍር ይገባል። ነገር ግን የሚሉትን እንክብካቤ ማን ይሠራዋል? ዛፍ ላይ የሚወጣው ሰው የደኅንነት ገመድ እንኳ የለውም፤ የሚከፈለውም በቀን ሥራ ሒሳብ ነው፤ አንገቱን ጠብቆ እንዲቆርጥ ያሠለጠነው የለም። የግቢ ባለቤቱ ደግሞ ማገዶውን ስለሚፈልግ «በደንብ አውርድልኝ» ይላል። ሠሪ የሌለው እንክብካቤ የሚያልፈውን ሰው አያድንም። ባለሙያ እስኪበዛ ድረስ ትምህርት ቤት አጥር ላይ የተደገፈው ግራቪሊያ እንዲቆይ ልፈርድ አልችልም።

ባለሙያዋ

እርሱን ዛፍ አልከራከርለትም። ከግንዱ ግርጌ አፈሩ ከተሰነጠቀ፣ ቀጥ ብሎ የነበረው በቅርብ ካዘመመ፣ ከሥሩ አጠገብ እንጉዳይ ከበቀለ፣ ከሥሩም ሰው የሚያልፍ ከሆነ ይቆረጥ፤ ዛሬውኑ። የምቃወመው መንደር በመንደር የሚለውን ነው። እንዲህ ያለ ዘመቻ የታመመውንና ጤነኛውን አይለይም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በጥድፊያ የሚተከለው ችግኝም ዕጣው ያው ነው፤ በጋውን ውኃ የሚያጠጣው አያገኝም። ቢጸድቅ እንኳ የዛሬውን የዋርካ ጥላ ለመስጠት የአንድ ሰው ዕድሜ ይፈጅበታል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት፣ ማለትም ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ ሆኖ፣ ተመዝግቧል፤ ከተማችንም አብራ ትታያለች፤ በዳርቻው ያሉት ሾላዎችና ዋርካዎች የወፎች መኖ ናቸው፤ በአንድ የበጀት ዓመት ቆርጠን በአንድ የበጀት ዓመት የምንመልሳቸው አይደሉም።

ሠሪ የለም ያሉት እውነት ነው፤ ያንገበግበኛልም። ግን ለቆረጣ ዘመቻ የሚወጣው ገንዘብ በየቀበሌው ሁለት ሰው አሠልጥኖ ገመድ፣ የራስ ቁርና ጥሩ መጋዝ ይገዛል። እነርሱ ሚያዝያ ላይ፣ ወጀቡ ሳይጀምር፣ መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ዞረው ይዩ፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ ያውርዱ፤ ግንድ ዙሪያ የተለሰነውን ሲሚንቶ ያንሡ፤ አጠራጣሪውን ዛፍ ምልክት ያድርጉበት። ምልክት የተደረገበትን እኔና እርስዎ አብረን እንየው።

መሐንዲሱ

አብሬ አያለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ አስመዘግባለሁ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ ደጃፍ ላይ ባለ ዛፍ ካልተስማማን የሚጸናው የእኔ ቃል ይሁን። በሌላው ቦታ ካልተስማማን ደግሞ ዛፉ አንድ ክረምት ይታለፍ፤ ጥቅምት ላይ ተመልሰን እንለካው።

ባለሙያዋ

ሁለተኛውን ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን ግን የምቀበለው በትምህርት ቤቱ በር የሚያልፈው ቦይ ንድፍ ዛፉ ያለበትን ቦታና የሥሩን ስፋት አስፍሮ ሲመጣ ነው።