መጀመሪያ ቤቱን ልየው

ባሕር ዳር ላይ አንዲት ልጅ «ለመሆኑ ቤት አለው?» ብላ ከጠየቀች አለቀላት። ገንዘብ ወዳድ ተብላ ትታማለች። እዚያው ጣና ዳር፣ ውሃው ላይ ባዘነበሉት ዛፎች፣ ይህንኑ እያጣራች የምታገባ ወፍ አለች። እሷን ማንም አያማትም።

ሸማኔ ወፍ ነች። ቢጫው ወንድ ሣር በምንቃሩ እየሰነጠቀ ጎጆ ይሸምናል። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል። እስክስታ በሉት። ሴቷ ትመጣና ውስጥ ገብታ ነካ ነካ፣ ሳብ ሳብ አድርጋ ትፈትሻለች። ካልጣማት ብር! የምትወደው ትኩሱን አረንጓዴ ጎጆ ነው፤ ሣሩ ከደረቀ ዞር ብላም አታየው። ያን ጊዜ ወንዱ የሠራውን ራሱ ተርትሮ እንደገና ይጀምራል። የኛ ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይልክባት ነበር። አንዱ «ግድግዳው ይታደሳል» ይላል። ሌላው «የደህና ሰው ልጅ ነው» ይላል። ሦስተኛው ጠላውን ይጠጣል።

አረንጓዴ እንደሚያማልል የጎጃም ጎረምሳም አልጠፋውም። በገበያ ቀን አረንጓዴ ቁምጣውን ለብሶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይወርዳል። ቢጠይቁት ጤፍ ሊሸጥ ነው። ጤፍ ለመሸጥ ይህ ሁሉ ሽክ ማለት?

የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊንም በዚህ ነገር ተቸግሯል። በ1860 እ.ኤ.አ. ለወዳጁ ሲጽፍ፣ የፒኮክ ጭራ ላባ ባየሁ ቁጥር ያመኛል ብሎ ነበር። ያን የሚያህል ጭራ ለመብረር አይመች፣ ከአውሬ አያስጥል! በ1871 መልሱን ይዞ መጣ፦ ሴቶቹ ስለሚመርጡት ነው። በዘመኑ ብዙ ምሁራን ይህን ለመዋጥ ተናነቃቸው። ሴት መራጭ? እኛ አገርም ቢናገረው የሚጠብቀው ያው ነበር።

ማልቴ አንደርሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ጭራቸው ግማሽ ሜትር የሚደርስ ወፎች ያዘ። የአንዱን ጭራ ቆርጦ በሌላው ላይ በሙጫ ቀጠለው። በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት ጉድ ነው፤ ጭራ የተቀጠለላቸው ወንዶች ግዛት ውስጥ ብዙ ሴቶች ጎጆ ሠሩ። በውሰት ጭራ! የጓደኛውን ጃኬት ለብሶ፣ በሰው ባጃጅ ሴት የሚቀጥረው የሰፈራችን ልጅ ይህን እንዳይሰማ።

ጣና ዳር ያለው ሸማኔም ቢሆን ጨዋ እንዳይመስላችሁ። አንዷ እሺ ብላ ከገባችለት በኋላ እንቁላል መታቀፉን ለሷ ትቶ፣ እዚያው ዛፍ ላይ ለሌላዋ አዲስ ጎጆ ይጀምራል። ይህን ለአክስቴ ባወራላት ምንም አልደነቃት።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለው ወፍ ቡሬም ሞልቷል» አለችኝ።