ኖራ በአንድ ማታ ኩርፊያ አልወጣችም
ስለ ኖርዌያዊው ጸሐፌ ተውኔት ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» ያነበብኩት ጽሑፍ የቴአትሩን ዋና ገጸ ባሕርይ ኖራን «በአንድ ማታ ኩርፊያ ቤቷን ጥላ ወጣች» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ቴአትሩ መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ያኔ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም። ባሏ ደግሞ ታሟል፤ ሐኪሞቹ ወደ ደቡብ አገር ካልሄደ አይተርፍም ብለዋታል። ምን ታድርግ? ለመበደር ብላ በውሉ ላይ የዋስነት ፊርማ የአባቷን አስመስላ ፈረመች። የጻፈችው ቀን ግን አባትየው ከሞቱ ከሦስት ቀን በኋላ ሆኖ ተገኘ! ከዚያ በኋላ ከልብስ መግዣዋ እየቆነጠረች፣ ማታ ማታ በር ዘግታ ጽሑፍ በክፍያ እየገለበጠች ዕዳውን በድብቅ ስትከፍል ኖረች። ባሏ ቶርቫልድ ሆዬ ጥርስሽ ይበላሻል ብሎ ብስኩት ይከለክላታል፤ እሷም ደብቃ ትበላለች። (እኔን ከፊርማው ይልቅ የከነከነኝ ይሄ ብስኩት ነው።) ምስጢሩ ወጥቶ ከተቆጣት በኋላ አበዳሪው የውሉን ወረቀት ሲመልስ ደግሞ ቶርቫልድ «ዳንኩ!» ነው ያለው። «እኔስ?» ብላ መጠየቅ ነበረባት። «ጥላቸው የወጣቻቸው ልጆቿስ?» ላልሽው እህቴ፦ እ.ኤ.አ. በ1880 አንዲት ጀርመናዊት ተዋናይት እኔ ልጆቼን ጥዬ አልወጣም ብላ መጨረሻው ተቀይሮላት ነበር። የቀየረው ኢብሰን ራሱ ነው፤ ግን በቴአትሩ ላይ የተፈጸመ አረመኔያዊ ግፍ ብሎታል።